እንቁላሉን የሸፈነው ማስታወቂያ

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላሉ ላይ ምን ጣልሽበት?»

በስልክ የምትጮኸው እናቷ ናት። ቴክኒሻኗ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ ወደ ሞኒተሮቹ ቀና ብትል፣ የገዛ ሥራዋ አፍጥጦ ጠበቃት። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ይህ ቻናል ከዛሬ ጀምሮ ይቋረጣል» የሚለውን ማስታወቂያ እንደ ልማዷ ከስክሪኑ ግርጌ ለጥፋዋለች። ቻናሉ የሚያሳያት ንስር ጎጆ ያለው ደግሞ እዚያው ግርጌ ነው። እንቁላሉ ድራሹ የለም።

«አየሁት እማዬ። አሁን አነሳዋለሁ።»

«ቶሎ በያ! ከትናንት ጀምሮ ተሰንጥቋል እኮ፤ ሊወጣ ነው!»

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሽቦ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ይሁን ቀኑን ሙሉ ከሽቦ ጋር ስለምትውል፣ ያጣራ የለም። የኬብል ቴሌቪዥኑ ቻናሎች በሙሉ በእሷ ክፍል በኩል ነው የሚያልፉት። ግድግዳውን የሞሉት ማሽኖች ለየቻናሉ አንድ አንድ ካርድ ጎርሰዋል፤ ካርዱን መዘዝ ካደረገችው ያ ቻናል ከከተማው ቤት ሁሉ ድርግም ይላል። ኩባንያው ዛሬ ምስላቸው ጥርት ያለውን፣ ሰው የሚወዳቸውን ቻናሎች እንድታነሳ አዟል፤ ውላቸው አልታደሰም። ጠዋት ሌሎቹን መዝዛ ጨርሳለች። የቀረው ገደል አፋፍ ላይ ያለችውን ንስር ቀን ከሌት የሚያሳየው ብቻ ነው። የቀረውም ተረስቶ አይደለም።

የእናቷ ዓይን ደክሟል። የሰው ፊት ጉም ነው የሚሆንባት፤ የገዛ ልጇንም የምትለያት በኮቴዋ ነው። በሌሎቹ ቻናሎች የምታየው ብርሃንና ጥላ ነው። በዚህኛው ግን አንድ ቀን፣ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ «ላባው! ላባውን አንድ በአንድ አየሁት!» ብላ ጮኸችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከጎጆው ፊት ንቅንቅ አላለችም። ይህን የእናቷን ብርሃን ነው ልጅቱ ዛሬ በእጇ እንድታጠፋ የታዘዘችው። እንዲያው ቢቀር ቢቀር፣ ጫጩቱን እንኳ አይታ!

ማስታወቂያውን ጎትታ ወደ ላይ ወሰደችና ሰማዩ ላይ ሰቀለችው።

«እሰይ! ተባረኪ» አለች እናቷ።

ከግድግዳው ወዲያ፣ አቤቱታ በሚቀበሉት ሴቶች ክፍል፣ ስልኮቹ ከጠዋት ጀምሮ እሪታቸውን አላቋረጡም። «ይቅርታ እናቴ… አዎ አባቴ፣ ውሳኔው ከላይ የመጣ ነው…» ሲሉ ድምፃቸው ሊዘጋ ደርሷል። አንዷ አንገቷን በበሩ አሰገገች።

«ሽቦ፣ ማስታወቂያውን አነሳሽው? ተመስገን! አሁን አንዱ ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እንቁላሉን የምትታቀፉት እናንተ ናችሁ ወይስ ንስሯ?›»

ልትመለስ ስትል ስክሪኑን አየችና እግሯ እዚያው ቀረ። ከኋላዋ አለቃቸው ገፋ አድርጓት ገባ።

«እስካሁን አልዘጋሽውም? ከምሳ በፊት አላልኩሽም?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ…»

«ትንሽ ትንሽ እያልሽ እኔን ጉድ ልታደርጊኝ ነው! አሁን አንዱ ከላይ ደውሎ…»

እንቁላሉ ተንቀሳቀሰ።

ስንጥቁ ሰፋ። የሩዝ ፍሬ የምታህል የምንቃር ጫፍ ብቅ አለች፤ ዐረፍ አለች፤ እንደገና ገፋች። ያቺ ጠቦት አንጠልጥላ የምትበር ንስር ብድግ ብላ ቆመች። ከዚያ እነዚያን አስፈሪ ጥፍሮቿን እንደ ሰው ጡጫ ወደ ውስጥ አጣጠፈቻቸውና፣ በተጨበጡት እግሮቿ እየተንገዳገደች፣ ከእንቁላሉ ፈቀቅ አለች።

«እንዳትወጋው እኮ ነው» አለ አለቃው። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። «አያችሁ? ጥፍሯን ጨበጠችው።»

ያኔ ነው ሽቦ ጸጥታውን የሰማችው። ከግድግዳው ወዲያ አንድም ስልክ አይጮህም። ተበላሽቶ ይሆን ብላ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ግን ገባት። ሲሳደብ ያረፈደው ከተማ በሙሉ ስልኩን አስቀምጦ እያየ ነው። ከእነዚህ ማሽኖች ጋር ስትኖር ምስል ትልካለች እንጂ መድረሱን በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። እርጥብ፣ አንገቱ ያልጸና፣ አስቀያሚ ነገር ተዘርግቶ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ገደልና ነፋስ ፊት ራሱን ቀና አድርጎ አፉን ከፈተ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማዬ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ጫነችው።

«እማዬ፣ አየሽው?»

«ምላሱን ሳይቀር» አለች እናቷ፣ እያለቀሰች። «የእህል ፍሬ የምታህል ምላስ አለችው። አየኋት፣ የኔ ልጅ። በዚህ ዓይኔ አየኋት።»

ንስሯ ተመለሰች። ዝቅ አለች፤ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቱን ከሥሯ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ላባዋና ነፋሱ ብቻ ሆነ።

«በይ አሁን ዝጊው» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ትንሽ…»

«ዝጊው አልኩሽ። ደግሞ አራስ ላይ እንዲህ ማፍጠጥ ምንድነው? እስቲ ትረፍ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። «እኔ ይበቃኛል።»

ሽቦ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደች።

«ትንሽ ይቆይ» አለ አለቃው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«እናቴ ናት ያዘዘችኝ፣ ጋሼ» አለችና መዘዘችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ከግድግዳው ወዲያ አሁንም ስልክ አልጮኸም።

ካርዱ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ውስጥ ውሎ ሞቋል። እንደ ሌሎቹ መሳቢያ ውስጥ ልትጥለው ይገባ ነበር። እስኪበርድ ድረስ ግን በሁለት መዳፏ ሸፍና ይዛው ቆመች።