የይርገዱ ቅዳሜ

ፋብሪካ በተዘጋበትና ገበያ በቀዘቀዘበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ መንግሥት የቤት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፉ የሚል ሕግ አወጣ። ወይዘሮ አሰገደች ወሬውን በሬዲዮ ሲሰሙ ሳቁ። ሠራተኛቸው ይርገዱ ግን አልሳቀችም።

"እትዬ፣ የኔ ቀን ቅዳሜ ይሁን" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

"አንቺ፣ ሰው ሥራ አጥቶ በሚያለቅስበት ዘመን እረፍት አማረሽ?"

"ሕግ ነው እኮ፣ እትዬ" አለችና ቅዳሜ በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ወይዘሮ አሰገደች ዶሮ ይበላሉ እንጂ መገነጣጠሉን ከተዉ ቆይተዋል። ቢላዋ ይዘው ዶሮዋን ከወዲህም ከወዲያም አዩዋት፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋቸው። ሽንኩርቱ ደግሞ ገና ሳይጋመስ አስለቀሳቸው። ሲጨንቃቸው ደላላ ዘንድ ደወሉ።

"ወንድሜ፣ ባለሙያ ፈልግልኝ! ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው።"

"አሁን እኔ ዘንድ የመጣች አንዲት አለች። በዶሮ ወጥ አቻ የላትም፤ ግን ዋጋዋ ወደድ ይላል።"

"ይወደድ! ብቻ ትምጣ!"

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከደላላው ኋላ፣ ሽርጧን በፌስታል ይዛ የቆመችው ይርገዱ ነበረች።

"እንደምን አረፈዱ? ባለሙያ ፈልገው ነበር?" አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ወይዘሮ አሰገደች ደማቸው ፈላ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዶሮዋ ትዝ አለቻቸው፤ ሽማግሌዎቹም። ከበሩ ፈቀቅ አሉና፣

"ይግቡ፣ ወይዘሮ ይርገዱ" አሏት፤ "ይግቡ።"