ማን ይቁጠር

«አንድ ቀን ብትስት ማን ይነግርሃል?»

ማዘንጊያ ነው የጠየቀው፤ ቤዝ ጊታሪስቱ። ከበሮ መቺውና የባንዱ መሪ ጋሼ ጥላዬ «አንተ ነሃ! ትነግረኛለህ፣ ከከበሮው እነሣለሁ» አሉት። ወይም «እግዜር ይነግረኛል» ነው ያሉት። ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ እዚሁ ሱዳን፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር፣ የሚጫወቱበት ክለብ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ሁለቱም ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ማዘንጊያ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

ዛሬ ካላክላ ሰፈር፣ በተከራዩት ግቢ ውስጥ፣ ለዓርብ ሰርግ ይለማመዳሉ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራቸው ነው። ቤዙን የያዘችው የማዘንጊያ ልጅ መዲና ናት። እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። ሻይ በወተት መጣ፤ ረቡዕ ነውና መለስኩት።

ጋሼ ጥላዬ ዱላዎቹን እያጋጩ በዐረብኛ ይቆጥራሉ። «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ፣ አርባዓ።»

መዲና የሱዳኑን የሰርግ ምት፣ ቱምቱም፣ ትጀምራለች። እሳቸው የሐበሻ ችክችካ ይመታሉ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋ የሱዳን ልጅ ናት እኮ!» ይላል ኪቦርድ ተጫዋቹ ስለሺ። «ጎንደር ሊድሯት ነው?»

ሁሉም ይስቃሉ፤ ጋሼም ይስቃሉ። እንደገና ይቆጥራሉ። እንደገና ችክችካ።

አሁን የሚስቅ የለም። እኚህ ሰው ለሆቴል ጃዝ፣ ለሱዳን ሰርግ ቱምቱም፣ ለእኛ ሰርግ ችክችካ ሲመቱ አንድ ቀን ተምታቶባቸው አያውቅም። የኪቦርዱ ዜማ ለሁለቱም ሰርግ ይሆናል፤ የሚለየው ቤዙ ነው፤ እሳቸውም ምቱን የሚይዙት ከቤዙ ነው። መዲና ደግሞ የቆመችው በግራቸው ነው። ከባድ መሣሪያ ቤታቸው አጠገብ ከፈነዳ ወዲህ በግራ ስጠራቸው አይዞሩም። የናቁኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግራ ጆሯቸው አይሰማም።

በልቤ አባታችን ሆይ ብዬ እነሣለሁ። በቀኛቸው ቁጢጥ እላለሁ።

«ጋሼ፣ መዲናን አይሰሟትም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ዘበኛ ሙዚቀኛ የሚያርመው?»

«በር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ስሰማዎት ከኖርኩ ወዲህ።»

ዱላዎቹን ጭናቸው ላይ ያጋድማሉ። ሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ዛሬ አንድ ላይ የመጣባቸው ይመስላሉ።

«ማዘንጊያ ነው የላከህ?»

«ስታወሩ ሰምቼ ነበር። እነሣለሁ ብለውት ነበር መሰለኝ።»

«እንዲያ ብያለሁ?» ፊታቸውን በፎጣ ይጠርጋሉ። «ደክሞኛል እንዴ፣ አንተ ሰው፤ ደክሞኛል። ግን ብነሣ ዓርብ ማን ይመታል?»

«ማንም። ስለዚህ አይነሡ። መዲና ወደ ቀኝዎ ትምጣ፣ እሷ ትቁጠር። እርስዎ እጇን ይዩ።»

«አርባ ዓመት የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

«አርባ ዓመት ቆጥረዋል።»

መዲና ሰምታናለች። ቤዙን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትጠጋለች። «ዐሚ፣ ወላሂ አልፈጥንም» ትላለች፤ እንደ አጎት ነው የምትጠራቸው።

ጋሼ ጥላዬ ዱላዎቹን ከጭናቸው ያነሣሉ። ስለሺ ኪቦርዱን መነካካት ያቆማል።

«ያላ፣ እሺ» ይላሉ። «ቁጠሪ።»

በቀኛቸው ቆማ እጇን ታነሣለች። ጋሼ ጥላዬ ዱላዎቹን ከፍ አድርገው፣ እጇን እያዩ ይጠብቃሉ።