እርጥብ ጥጥ

መምህርቷ አረቄ ሸተተኝ ብላ ከተማሪዎች የስንብት ግብዣ በር ላይ የመለሰችው ገመቹ፣ የአሰላን መንገድ ሳይሻገር ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። በማግስቱ እናቱ መምህራን ክፍል ገብተው ከነጠላቸው ጫፍ እርጥብ ጥጥ ፈቱ።

«እማማ፣ ደንብ ነው። የጠጣ እንዳይገባ የሁሉንም ትንፋሽ አሽትቻለሁ» አለቻቸው።

«በይ ይህንንም አሽቺው።»

አጎንብሳ አሸተተች። ያው የትናንቱ ሽታ ነበር።

«ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ጥርሱ ሲጠዘጥዘው አደረ። ግብዣው እንዳይቀርበት ብዬ እንዲህ ያለ ጥጥ በአረቄ ነክሬ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አልነገረሽም?»

ነግሯት ነበር። አፉን ከፍቶ ሊያሳያት ሲል፣ «ዛሬ ሁላችሁንም ጥርሳችሁን ነው የሚያማችሁ» ብላ ሰልፈኛውን አስቃበታለች።

«አልነገረኝም» አለች።

እናትየው ጥጡን ጠረጴዛዋ ላይ ትተው ወጡ፤ ከነሽታው በሩን ዘጉባት።