ማደሪያው ሦስት ቁጥር

ሰባት ቁጥር ላይ የለም። ስድስትም ላይ የለም።

ቴክኒሻኗ የሟቹን የሥራ ባልደረባዋን የጋሼን ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የአምስት ቁጥርን ፓስወርድ ትፈልጋለች። የሞተ ሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እንዴት ይከብዳል! ጋሼ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲጽፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

መብራት ሄዶ፣ መጠባበቂያው ባትሪም ከድቶ፣ የሆስፒታሉ ሰባት ሰርቨሮች ባንዴ ጸጥ ብለው ነበር። አሁን መብራቱ ተመልሷል፤ ሰባቱም ነቅተዋል። በውስጣቸው ያሉት፣ አካል የሌላቸው፣ በፕሮግራም ብቻ የሚኖሩ ስልሳ ኮምፒውተሮች ግን እንደተኙ ናቸው። የሕሙማኑ መዝገብ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚሰጠው ከስልሳው አንዱ፣ ሁሉንም የሚያስተዳድረው «አስተዳዳሪው» ነው፤ እሱም ራሱ ከሰባቱ ባንዱ ውስጥ ተኝቷል። ቁልፍን እቤት ረስቶ በር እንደ መዝጋት ነው። የትኛው ውስጥ እንዳለ የሚያውቀውም ራሱ ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ሲስተር ናት።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ የት ደረስሽ? ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ባለፈው ወሊዷ የትኛው ማደንዘዣ ሊገድላት እንደነበር መዝገቡ ላይ ነው ያለው። ራሷን አታውቅም፤ ባሏም አያስታውስም።»

«ጥቂት ደቂቃ ስጪኝ። ስልኩን አትዝጊው።»

«ደቂቃ ከየት ላምጣልሽ?»

አምስት ላይ የለም። አራት ላይ የለም።

ጋሼ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ፍለጋ አልነበረም። አስተዳዳሪው ከሦስት ቁጥር እንዳይነቃነቅ ደንብ አበጅቶለት፣ የሰርቨሩ ግንባር ላይ «ቤቱ እዚህ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። ደንቡን ያነሳችው እሷ ናት። ወረቀቱንም ልጣ የጣለችው እሷው።

«ጋሼ፣ ዘመኑ የት ደርሷል! ሥራ ወደቀለለበት ይሂድ እንጂ፣ አንድ ቦታ ምን አጣበቀው?» ብላ ስቃበታለች።

«የቸገረሽ ቀን የት ብለሽ ትፈልጊዋለሽ፣ ልጄ?» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አለመከራከሩን እንደ ሽንፈት ቆጠረችው። በሳምንቱ ሞተ።

ሁለት ላይ የለም። አንድ ላይ የለም።

ሦስትን ዘላዋለች። ደንቡ ከተነሳ እዚያ ምን ይሠራል ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ የወረቀቱ ሙጫ ምልክት ዛሬም ስላለ ማየቱን ፈርታ ነው። አሁን ሌላ የቀረ የለም። ገባች።

እዚያ ነበር።

አስነሳችው። መዝገቡ ተከፈተ። የማደንዘዣውን ስም አንብባ ሳትጨርስ፣ ሲስተሯ «አትስጧት! ያንን እንዳትሰጧት!» ብላ ወደ ውስጥ ስትጮኽ ሰማች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ።

«ደረስሽልን፣ እህቴ» አለችና ዘጋች።

ማን መለሰው ታዲያ? ቴክኒሻኗ የክንውን ዝርዝሩን ከፈተች። ዛሬ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ መብራቱ ሊሄድ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አስተዳዳሪው ወደ ሦስት ቁጥር ተዛወረ። ያዛወረው፦ ጋሼ።

ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገለጠችው። ትናንትም ሁለት ሰዓት፣ ጋሼ። ከትናንት ወዲያም። ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ማለዳ ሳይዘል። የመጀመሪያው መስመር እሷ ደንቡን ባነሳች ማግስት የተጻፈ ነው። ምንም ሳይላት፣ በየጠዋቱ ማንም ሳይነካው የሚሠራ ትእዛዝ በራሱ ስም ቀጥሮ ሄዷል።

የሟቹ ስም ከሲስተሙ ይሰረዝ የሚለው ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ ለብሷል። ስሙ ቢሰረዝ ትእዛዙም አብሮት ይጠፋ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል ነው የተረፈው።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የዝርዝሩን ግርጌ አየች።

ቀጣይ፦ ነገ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።