ታኮዎቹ የት ገቡ?

በዚያ ሰሞን በቆቦ ከተማ እንደ መካኒኩ እንደ ይርጋ የተማረረ ሰው አልነበረም። መማረሩም አይፈረድበት። ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱ ልጆች ቀበሌው አዳራሽ ተዘግቶባቸዋል። የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ካምቢዮው ተሰብሮ ደጅ ቆሟል። ካድሬው ደግሞ መኪናው ካልተነሳ አንተንም ከልጆቹ ጋር እጭንሃለሁ ብሎታል። በዚህ ላይ ወባው ተነስቶበት፣ በዚያ ሐሩር ካፖርት ደርቦ ይንጎራደዳል።

ካምቢዮ ለማውረድ ከስር መግባት ግድ ነው። የቆቦ አፈር ደግሞ ለስላሳ ነው፤ መኪና ማንሻውን ክሪክ በቁሙ ይውጣል። ስለዚህ ይርጋ ከክሪኩ ስር ሳንቃ ያነጥፋል፣ ጎማዎቹን በእንጨት ታኮ ከፊትና ከኋላ ያግዳል፣ ሻንሲውን በግንድ ይደግፋል። ያን ሳያደርግ አንገቱን ቢቆርጡት አይገባም። ዋጃ ላይ በክሪክ ብቻ ገብቶ መኪና የወደቀበትን ጓደኛውን ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው።

እንጨቱ ግን አይበረክትም። ጠዋት ያስቀመጠው፣ ምሳ በልቶ ሲመለስ የለም። ሌላ ያስፈልጣል፤ እሱም ይጠፋል። ጥበቃው ሰላሁዲን ወላሂ ዓይኔን አልከደንኩም፣ አንድም ባዳ አልተጠጋም ይላል።

የማን ሥራ እንደሆነ አገር ያውቃል። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው የሸዋዬ ነዋ! ማገዶ ያስፈልጋታል። ከማገዶውም በላይ አንድ ልጇ አራጌ አዳራሹ ውስጥ ነው። መኪናው የተነሳ ቀን ልጇን አጣች ማለት ነው።

ይርጋ ሰው ፊት ጮኸባት። ካድሬው ቤቷ ይበርበር ሲል ግን፣ እንጨቴን የማውቀው እኔ ነኝ ብሎ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። ከኩበት በቀር ምንም የለም አለ።

«አያ ይርጋ፣ የኔ ጭንቅ የእርስዎ ታኮ መሰለዎ?» አለችው ሸዋዬ። ካፖርቱን ሰብስቦ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ካድሬው ትዕግሥቱ አለቀ። በድንጋይ ደግፍ አለው። ይርጋ የወንዙ ድንጋይ ድቡልቡል ነው፣ ይንከባለላል አለ። እንግዲያው በክሪኩ ብቻ ግባ ተባለ።

«ጓድ፣ እርስዎ ይግቡና እኔ ቁልፍ ላቀብል።»

ካድሬው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሱሪውን አራገፈ። ሌላ መካኒክ በቅርብ የለም። ምን ያድርግ?

እንዲህ ሲነታረኩ ቀናት አለፉ። አዳራሹ ውስጥ የሚበላ አለቀ። ካድሬው መኪናው እስኪጠገን ልጆቹ ቤታቸው እየበሉ እንዲመለሱ ፈቀደ። አራጌ እናቱ ቤት ጠግቦ በላና ወጣ፤ አዳራሹን ግን ዳግም አላየውም። አፋር በረሃ ገባ ተባለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ካድሬው ባዶ አዳራሽና የቆመ መኪና ታቅፎ ቀረ።

ከተማው ሸዋዬን በጎን እያየ፣ አይ እናት፣ አበጀች አለ። ይርጋ ግን የእንጨት ሌባ እጁ ይሰበር እያለ፣ እየተነጫነጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ የቀላ ዓይኗን እያሸች በሩን ከፈተችለት።

«የዛሬው ታኮ ደግሞ ዘይት የጠጣ ነው፤ ጭሱ ሊገድለኝ ነው።»