እማዬ ልብስ ስታጥብ

ወለላ ኪቦርድ ልትማር የመጣችው እናቷ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለአርባዋ አንድ ዘፈን መጫወት ትፈልጋለች።

እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከምት ጀመርኩላት። ቺክቺካውን በጭብጨባ ቶሎ ያዘችው፤ ሬጌውም አላስቸገራትም። ቁልፎች አብረው የሚመቱበት ኮርድ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። መጀመሪያ ሜጀር፣ ቀጥዬ ማይነር መታሁላት።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንዱ ደስ ይላል፣ አንዱ ያሳዝናል።»

«ለእኔ ሁለቱም ደስ ይላሉ፣ ጋሼ።»

ረስቼው ነው። የእሷ ዕድሜ ልጆች ገና ሲወለዱ ጆሯቸው ውስጥ ማጣሪያ ተተክሎላቸዋል፤ የሚያሳዝን ድምፅ ሁሉ ደስ የሚል ሆኖ ነው የሚሰማቸው። ለጤናቸው ነው ተባለ። የተከሉትን ጤና ይንሳቸው! እኔና እኩዮቼ ቀድመን ስለተወለድን አመለጥን።

«የትኛውን ዘፈን ነው የፈለግሽው?»

ስልኳ ላይ የቀዳችውን ድምፅ ከፈተችልኝ። ውሃ ይንቦጫረቃል፤ እናቷ ልብስ እያጠበች ታንጎራጉራለች።

«ልብስ ስታጥብ ሁልጊዜ ይቺን የሰርግ ዘፈን ነበር የምትዘፍነው» አለች ወለላ ፈገግ ብላ። «እማዬ ደስተኛ ሴት ነበረች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድም ቀን ስታለቅስ አልሰማሁም። አርባው ላይ እነ አክስቴ ሲሰሙት ሐዘኑ ቀለል ይላቸዋል ብዬ ነው።»

እኔ የምሰማው ትዝታ ማይነር ነው። ሴትዮዋ ዜማውን ጀምራ ሳግ ያቋርጣታል፤ ደግሞ ትጀምራለች።

«እዚህ ጋ ትስቃለች፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ» አልኳትና፣ ጣቷን ይዤ ከሜጀሩ ነጭ ቁልፍ ወደ ማይነሩ ጥቁር አዛወርኩላት።