ከምርመራው ክፍል የወጣው

ፕሮዲዩሰሩ ስክሪፕቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «አንቺ ልጅ፣ መርማሪና ደም መጣጭ አንድ ፊልም ውስጥ አይሆኑም። ደም መጣጩን አሁኑኑ አውጪልኝ፤ አለዚያ ለሌላ ጸሐፊ እሰጠዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ገዳዩ እኮ እሱ ነው!» አለች ጸሐፊዋ። ሦስት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነበር።

«እንግዲያው ጡረታ አውጪው» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። መርማሪው ደም መጣጩን ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚመረምርበትን ገጽ ገልጣ፣ የደም መጣጩን ንግግር አንድ በአንድ ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው። የመርማሪውን ንግግር ለማስተካከል ግን አቅም አልነበራትም። ገጹን እንዳለ ወደ ፕሮዲዩሰሩ ገፋችው።

ፕሮዲዩሰሩ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበ። «ማታ ከልጅቷ ጋር ነበርክ?» ቀጥሎ ያለው ተሰርዟል። «አትሳቅ።» አሁንም ስርዝ። «እዚያው ሁን፣ አትጠጋኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «አንገቴን ልቀቅ።» ሳያስበው የሸሚዙን ኮሌታ ቆለፈ።

«ቆይ፣ ወንበሩ ላይ ማንም የለም አይደል?»

«አውጪው ብለውኝ አወጣሁታ።»

«ተይው፣ እንዳትመልሺው» አለ፣ ቀጣዩን ገጽ እየገለጠ።